አጋዘኑ የሕዝብ፣ በሩ የባለርስቱ

በደቡብ ቴክሳስ የምትገኘው ኪንግስቪል ከተማ ስሟን የወሰደችው ከሪቻርድ ኪንግ ነው። የእንፋሎት ጀልባ ካፒቴን የነበረው ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1853 ከብት ለማርባት የጀመረው ኪንግ ራንች ዛሬ 825,000 ኤከር ይሸፍናል፤ አዲስ አበባን ስድስት ጊዜ ውጦ ገና ቦታ የሚተርፈው መሬት ነው። ከብቱ አሁንም አለ። ብርዱ ሲገባ ግን እዚያና በዙሪያው ወዳሉት ራንቾች በፒክአፕ የሚጎርፈው ሰው የሚመጣው ባለ ነጭ ጅራቱን አጋዘን ፍለጋ ነው።

የዚህን አደን ነገር ለመረዳት ከሕጉ መነሳት ይሻላል። የቴክሳስ መሬት ከመቶ ዘጠናው በላይ በግል እጅ ነው። በመሬቱ ላይ የሚመላለሰው የዱር እንስሳ ግን በሕግ የግዛቲቱ ሕዝብ ንብረት ነው። ስለዚህ ባለርስቱ የዱር አጋዘን መሸጥ አይችልም፤ የሚሸጠው በሩን ነው። ገብቶ የማደን መብት፣ አልጋ፣ ምግብና መንገድ መሪ አንድ ላይ ታስሮ ይቀርባል። የአደን ፈቃዱን አዳኙ ለብቻው ከግዛቲቱ ይገዛል፤ ከውጭ ለሚመጣ ሰው ዋጋው 315 ዶላር ነው። በኢትዮጵያ የደጋ አጋዘን ለማደን ባሌ የሚወጣ የውጭ አገር ሰው በአንጻሩ ከግል ባለርስት ጋር ጉዳይ የለውም፤ ፈቃዱን የሚያገኘው ከመንግሥት ነው።

የቦታውን መልክ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ከሚገምተው በላይ ያውቀዋል። እሾሃሙ ሜስኪት የአፋርን ግጦሽ የወረረው ፕሮሶፒስ የቅርብ ዘመድ ነው፤ በመሃል በመሃሉ የተንሰራፋው ቁልቋልም ትግራይ ውስጥ በለስ ከሚለቀምበት ወገን ነው፤ አጋዘኑ ይመገበዋል። በእንዲህ ያለ ጥቅጥቅ ቁጥቋጦ ውስጥ እንስሳ በእግር ማሳደድ ከንቱ ድካም ነው። ስለዚህ ራንቾቹ «ሴንዴሮ» የሚሉትን ቀጥ ያለ ረጅም ጥርጊያ በማሽን ያወጣሉ፤ ከጥርጊያው ዳር ደግሞ ባለ ጣሪያ ማማ ይቆማል። ሰዓት የተገጠመለት በርሜል ጠዋትና ማታ በቆሎ ይበትናል። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የተከለከለው ይህ ማባበያ በቴክሳስ የግል መሬት ላይ የተፈቀደ ነው።

አዳኙ ከሰዓት በኋላ ሲደርስ መጀመሪያ የሚወሰደው ወደ ዒላማ መተኮሻው ነው። መሪው የጠመንጃው መነጽር በመንገድ እንዳልተናጋ ማረጋገጥ ይፈልጋል፤ በዚያው የእንግዳውንም እጅ ይመዝናል። በ100 ያርድ ላይ ሦስት ጥይት ሲተኮስ፣ ነገ እስከ ምን ያህል ርቀት ሊፈቅድለት እንደሚችል ያውቃል። በማግስቱ ገና ጨለማ ሳለ ማማው ላይ ይወጣሉ። ሕጉ መተኮስ የሚፈቅደው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ከጠለቀች በኋላ እስከ ግማሽ ሰዓት ድረስ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በአብዛኛው መከልከል ነው። ወንድ አጋዘን ይወጣል፤ የእንግዳው ልብ ይመታል፤ መሪው በመነጽሩ አይቶ «ይሄ ይቆይ» ይላል። ሌላ ይወጣል፤ እሱም ይቆይ። ምክንያቱ ቀንዱ ነው። የእኛ አገር አጋዘን ጠምዛዛ ቀንድ ዕድሜውን ሁሉ አብሮት ይኖራል። ይሄኛው ግን በየዓመቱ ይጥለዋል። ከማርችና ኤፕሪል አካባቢ ጀምሮ አዲሱ ይበቅላል፤ ደም በሚዘዋወርበት ፀጉራም ቆዳ ተሸፍኖ ወራት ያድጋል፤ በሴፕቴምበር ገደማ እንስሳው ቆዳውን ከዛፍ ጋር እያሸ ይገፈዋል፤ የድሪያው ወቅት ካለፈ በኋላ ቀንዱ ራሱ ይወድቃል። አጥንቱና ሥጋው አድጎ ሳይጨርስ የሚበላው ምግብ የሚሄደው ወደ ሰውነቱ ነው፤ ትልቁን ቀንድ የሚያወጣው በአምስትና በሰባት ዓመቱ መካከል ነው። በሦስት ዓመቱ ያማረውን የገደለ፣ የራንቹን የሁለት የሦስት ዓመት ልፋት አብሮ ገደለ ማለት ነው።

ታዲያ ከሩቅ ዕድሜ እንዴት ይታወቃል? የበሬ ገበያ የሚያውቅ ሰው አንገትና ጀርባ አይቶ እንደሚገምተው ነው። የዓመት ተኩሉ እግረ ረጅም፣ አንገተ ቀጭን ነው። የሦስት ዓመቱ ደረቱ ይሞላል፣ ወገቡ ግን ገና ሸንቀጥ ያለ ነው። አምስት ሲያልፍ አንገቱ ወፍሮ ከደረቱ ጋር ይያያዛል፣ ሆዱ ይወርዳል፣ ጀርባው ሰርጎድ ይላል፣ እግሩም ከሰውነቱ አንጻር ያጠረ ይመስላል። ግምቱ ትክክል ይሁን አይሁን የሚታየው ከተገደለ በኋላ ነው፤ የታችኛው መንጋጋ ይወጣና የጥርሱ መበላት ይመረመራል። መሪ በሌሎች መሪዎች ፊት ስሙን የሚያስጠራውም የሚያስነቅፈውም ያ መንጋጋ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ በቆሎ እየበተኑ ማማ ላይ ተቀምጦ መጠበቅ አደን ነው ወይ? በእኔ አስተያየት ተኩሱ ብቻ ከታየ እምብዛም አይደለም። ችሎታው ያለው ምርጫው ላይ ነው። ከዚህ የሚሻለው በድሪያ ወቅት፣ በደቡብ ቴክሳስ በታኅሣሥ አጋማሽ ገደማ፣ በመሬት ላይ ሆኖ የሚደረገው ነው። መሪው ነፋሱን ፊት ለፊት አድርጎ ቁጥቋጦ ሥር ይንበረከካል፤ የወደቁ ሁለት ቀንዶች ይዞ እርስ በርስ ያጋጫል፣ ያፋትጋል፣ ቅርንጫፍ ይሰብራል፣ ጠጠሩን ይጭራል። ሁለት ወንዶች በሴት የተጣሉ መስሎት ሦስተኛው ሊቀላቀል እየሮጠ ይመጣል፤ አንዳንዴ ለመተኮስ እስኪያስቸግር ድረስ ይጠጋል።

ጥይቱ ከትከሻው ጀርባ ሳንባ ላይ ማረፍ አለበት። ከተኩሱ በኋላ ወዲያው መሮጥ ክልክል ነው፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠበቃል። ከዚያ መሪው ደሙን ያነብባል፤ አረፋ ያለው ፈዘዝ ያለ ቀይ ከሆነ ሳንባ፣ ጠቆር ካለ ጉበት፣ አረንጓዴ ከተቀላቀለበት አንጀት ተመትቷል፤ የአንጀቱ ሰዓታት ያስጠብቃል። በብዙ ራንቾች ውል የቆሰለ እንደተገደለ ይቆጠራል፤ ተገኘም አልተገኘም ገንዘቡ ይከፈላል። ዋጋው በሺዎች ዶላር ነው፤ በየኢንቹ የቀንድ ልክ የሚያስከፍሉም አሉ።

ኢንቹ ገንዘብ ሲሆን ፈተናው መጣ። አንዳንዶች መሬታቸውን ስምንት ጫማ በሚደርስ አጥር አጥረው ለቀንድ ተመርጦ የተዳቀለ አጋዘን ይለቅቁበታል። ቴዎዶር ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1887 ያቋቋመው የቡንና ክሮኬት ክበብ፣ እንስሳው ሊያመልጥበት በማይችል አጥር ውስጥ የተገደለውን መዝገቡ ላይ አያሰፍርም፤ እኔም ከክበቡ ጋር ነኝ። የበሽታም ነገር አለ። አጋዘንን አመንምኖ የሚገድለው፣ መድኃኒት የሌለው የአንጎል በሽታ በቴክሳስ እ.ኤ.አ. በ2012 በዱር እንስሳ ላይ ተገኘ፤ በ2015 ደግሞ በአንድ የአጋዘን ማርቢያ ውስጥ። ከዚያ ወዲህ አጋዘን ከቦታ ቦታ በመኪና ማዘዋወር የክርክር ምንጭ ሆኗል።

የዱር እንስሳ ሥጋ መሸጥ ስለማይፈቀድ ሥጋው ወይ ይበላል ወይ ለተቸገረ ይሰጣል። በዳላስና በሂዩስተን ለሚኖሩ የእኛ ሰዎች በዘዳግም ምዕራፍ 14 ዋላ ከሚበሉት ተርታ ስለተቆጠረ በዚያ በኩል ችግር የለም። የሚያስቸግረው ቀኑ ነው፤ ወቅቱ ከኖቬምበር መጀመሪያ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ሲሆን ሰፊው ክፍል ጾመ ነቢያት ላይ ይውላል። ለሚጾም ሰው ሥጋው እስከ ገና ፍሪዘር ውስጥ ይከርማል። ስብ ስለሌለው ለጥብስ ይደርቃል፤ ከበሬ ስብ ጋር ተፈጭቶ ወይም ቅቤ ሳይሰስቱለት በለስላሳ እሳት ተሠርቶ ነው የሚጥመው።