ስድስት ሲሊንደር መሆኑን በምን እናውቃለን?

ባለፈው እትም አንዷ የክለባችን አባል ስለ ሰው ልብ አሠራር ጽፋልን ነበር። ዛሬ ተራው የእኔ ነው። እኔ ደግሞ ስለ መኪና ልብ፣ ማለትም ስለ ሞተር ልጽፍላችሁ ነው። በተለይም ስለ ድሮዎቹ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተሮች። "ይሄ ለእኛ ምን ያደርግልናል?" የምትሉ ካላችሁ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት። እኔ ይህን ባለማወቄ፣ ደግሞም በስንፍናዬ፣ አጎቴን ብዙ ብር አስከስሬያለሁ።

ሲሊንደር ምንድን ነው?

ሲሊንደር በሞተሩ ብረት ውስጥ ያለ ክብ ጉድጓድ ነው። በውስጡ ፒስተን ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል። ነዳጁ ሲቃጠል ፒስተኑን ይገፋዋል፣ ፒስተኑ ክራንክ ሻፍቱን ያዞራል፣ በመጨረሻም ጎማው ይዞራል። አንድ ሲሊንደር አራት ሥራ አለው፦ መሳብ፣ ማመቅ፣ ማቃጠል እና ጭስ ማስወጣት። እነዚህን ለመጨረስ ክራንክ ሻፍቱ ሁለት ጊዜ መዞር አለበት።

አሁን የሒሳብ ደብተራችሁን አውጡ። ሁለት ዙር 720 ዲግሪ ነው። 720 ለ4 ሲካፈል 180 ይሆናል፣ ለ6 ሲካፈል ግን 120 ነው። ስለዚህ በስድስት ሲሊንደር ሞተር ግፊቱ ቶሎ ቶሎ ይመጣል። ሞተሩ ብዙ የማይንቀጠቀጠው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ሌላውን ምክንያት በእረፍት ሰዓት ሜዳ ላይ ሞክሩት። ስድስት ልጆች በአንድ መስመር ተሰለፉና ከ1 እስከ 6 ቁጥር ያዙ። 1 እና 6 ሁልጊዜ አብረው ቁጭ ብድግ ይላሉ። 2 እና 5 እንደዚያው፣ 3 እና 4ም እንደዚያው። ፒስተኖቹ እንዲህ ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚሄዱ አንዱ ጫፍ ሌላውን ያመዛዝነዋል። ግን አብረው ቢነሱም አብረው አያቃጥሉም። በብዙዎቹ ላይ የማቃጠል ተራው 1፣ 5፣ 3፣ 6፣ 2፣ 4 ነው። በዚህ ተራ አጨብጭቡ። አንዱ ካጨበጨበ በኋላ ጎኑ ያለው ልጅ ወዲያው አያጨበጭብም፣ አይደል? እኛ ክፍል ስንሞክረው ሦስት ጊዜ ተሳስተን በአራተኛው ተሳካልን።

እንዴት ይቆጠራል?

ኮፈኑን ስትከፍቱ (ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ፣ ትልቅ ሰው አብሯችሁ ሆኖ) መጀመሪያ ቤንዚን ነው ወይስ ናፍጣ የሚለውን ለዩ።

የድሮ የቤንዚን ሞተር ካንዴላ አለው። ከዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ወፍራም ገመዶች ይወጣሉ። ወደ ካንዴላዎቹ የሚሄዱት ስድስት ከሆኑ ሞተሩ ስድስት ሲሊንደር ነው። ግን ክዳኑ ላይ ያሉትን ሁሉ ብትቆጥሩ ሰባት ታገኛላችሁ። ሰባተኛው መሃል ላይ ያለው ነው፤ እሱ ኤሌክትሪኩን ከኮይል ያመጣል እንጂ የሲሊንደር አይደለም።

የናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው በታመቀ አየር ሙቀት ስለሆነ እንደዚህ ዓይነት ገመድ የለውም። በእሱ ላይ የምትቆጥሩት ከነዳጅ ፓምፑ ወጥተው ወደ ኖዝሎቹ የሚሄዱትን ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ነው። ስድስት ቱቦ፣ ስድስት ሲሊንደር።

የጭስ መውጫ ቀዳዳዎችን ግን አትቁጠሩ። በአንዳንድ የድሮ ሞተሮች ላይ ሁለት ሲሊንደሮች አንድ ቀዳዳ ስለሚጋሩ ያሳስታችኋል።

የሞተሩን ቅርጽም እዩ። ብዙዎቹ የድሮ ስድስት ሲሊንደሮች እንደ ተማሪ ሰልፍ በአንድ መስመር የተደረደሩ ስለሆኑ ሞተሩ ረጅም ነው። "ቪ 6" የሚባለው ግን ሦስቱ በአንድ በኩል፣ ሦስቱ በሌላ በኩል ስለሆኑ አጭርና ሰፊ ነው።

በአገራችን የት እናያቸዋለን?

ታላላቆቻችን "ኤንትሬ" የሚሉት የጭነት መኪና ፊያት 682 ኤን 3 ነው። የፊያት 682 ምርት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ሲሆን ሞተሩ በአንድ መስመር የተደረደረ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ ነው።

ሌላው የድሮው ቶዮታ ላንድክሩዘር ነው። የእሱ ስም ራሱ ይናገራል። የመጀመሪያው ፊደል የሞተሩ ነው፦

ኤፍጄ 40 ከሆነ ሞተሩ የኤፍ ዘር ነው፤ ቤንዚን፣ ስድስት ሲሊንደር።
ኤችጄ 47 ከሆነ የኤች ዘር ነው፤ ናፍጣ፣ ስድስት ሲሊንደር።
ቢጄ 40 ከሆነ የቢ ዘር ነው፤ ናፍጣ፣ ግን አራት ሲሊንደር።

ስለዚህ ከውጭ አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ላንድክሩዘሮች ውስጣቸው ሊለያይ ይችላል። ደግሞ በአንድ ዘር ውስጥም ታላቅና ታናሽ አለ። ኤፍ የሚባለው 3,878 ሲሲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ገደማ የመጣው 2ኤፍ ደግሞ 4,230 ሲሲ ነው። የኤፍ ሲሊንደር ስፋት 90 ሚሊ ሜትር፣ የ2ኤፍ 94 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ። እኔን ጉድ የሠራኝ ይህ 4 ሚሊ ሜትር ነው።

የእኔ ስህተት

አጎቴ መካኒክ ናቸው። አንድ አሮጌ ኤፍጄ 45 ፒካፕ አላቸው፤ በገበያ ቀን እህል እየጫኑ ቤተሰባቸውን የሚያስተዳድሩት በእሱ ነው። አምና ክረምት ላይ ሰማያዊ ጭስ ማጨስና ዘይት መብላት ጀመረ። አጎቴ ፒስተንና የፒስተን ቀለበት (እነሱ "ፋሻ" ይሉታል) ከአዲስ አበባ ሊያስመጡ ፈለጉና "የሞተሩን ቁጥር አንብበህ ጻፍልኝ፤ ከሞተሩ ላይ ነው ታዲያ!" አሉኝ።

እኔ ኮፈኑን ከፍቼ አየሁት። ቁጥሩ የተመታበት ቦታ በዘይትና በአቧራ ተሸፍኗል። ልብሴ አዲስ ነበር። እንዳልቆሽሽ ብዬ ሊብሬውን ከመኪናው ውስጥ አወጣሁና ከእሱ ላይ ገለበጥኩ። ሊብሬው መኪናው እ.ኤ.አ. የ1972 መሆኑን ይላል፣ የሞተር ቁጥሩም በኤፍ ይጀምራል። "ከሞተሩ ላይ ነው?" ሲሉኝ "አዎ" አልኩ። ዋሸሁ።

ዕቃው መጣ። ቴስታታው ተፈቶ ፒስተኑ ሲለካ ጉድጓዱ ውስጥ ተንቀዋለለ። አጎቴ ምንም ሳይናገሩ የሽቦ ብሩሽና ነጭ ጋዝ አምጥተው የሞተሩን ጎን ፈተጉት። ቁጥሩ በ2ኤፍ ይጀምራል። ለካስ እሳቸው መኪናውን ከመግዛታቸው በፊት ሞተሩ ተቀይሮ ኖሯል፤ ሊብሬው ላይ ግን አልተስተካከለም። ዕቃውን የሸጠው ሱቅ ማሸጊያው ስለተከፈተ አልመልስም አለ። ሌላ እስኪገዛ ድረስ ፒካፑ ሰባት ሳምንት ቆመ። ያን ጊዜ የአጎቴ ልጅ መስከረም ላይ በአሮጌ ዩኒፎርም ትምህርት ጀመረች። እሷ እስከ ዛሬ ምክንያቱን አታውቅም፤ ይህን መጽሔት ካነበበች ግን ታውቃለች። ይቅርታ እልሻለሁ።

እውነቱን የነገርኳቸው ያን ዕለት ማታ ነው። ይመቱኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን "ወረቀት የሚነግርህ ትናንት የነበረውን ነው፣ ብረቱ የሚነግርህ ዛሬ ያለውን ነው። ሁለቱንም አንብብ" አሉኝና ብሩሹን ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ ጋራዡ የሚመጣ የድሮ ሞተር ሁሉ ቁጥሩን የምፈትገው እኔ ነኝ።

ስለዚህ እነዚህን አትርሱ፦

1. ቤንዚን ወይም ናፍጣ መሆኑን ለዩ።
2. የካንዴላ ገመዶችን ወይም የነዳጅ ቱቦዎችን ቁጠሩ።
3. የሞተር ቁጥሩን ከራሱ ከሞተሩ ላይ አንብቡ።
4. ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ። ካልተስማሙ ለባለቤቱ ንገሩ።
5. ሞተሩ ከተፈታ የሲሊንደሩን ስፋት ለኩ። የ90ው ሲሊንደር በማሽን ሰፍቶ ትንሽ ሊጨምር ይችላል፤ 94 ግን አይደርስም።

እነዚያ የማይሆኑ ስድስት ፒስተኖች አሁንም አጎቴ ጋራዥ መደርደሪያ ላይ በካርቶን ተቀምጠዋል። "አንድ ቀን ኤፍ ይመጣል" ይላሉ። እኔም ፒካፕ በመጣ ቁጥር ብሩሼን ይዤ እሮጣለሁ። እስካሁን አልመጣም። ሰፈራችሁ ውስጥ የድሮ ኤፍጄ ያለው ሰው ካለ ንገሩኝ፤ ቁጥሩን በነጻ አነባለሁ፣ ከሞተሩ ላይ!

ለዛሬ በዚሁ አበቃሁ። ቸር ይግጠመን።

ከ7ኛ ክፍል የሚኒ ሚዲያ ክለብ አባል