አናናስን በጣሳ ስለ ማሳደግ

የምንጃርን አየር የሚያውቅ ሰው በአረርቲ ከተማ ግቢ ውስጥ አናናስ መትከል ከንቱ ድካም ይመስለው ይሆናል። አገሩ የጤፍና የሽምብራ አገር ነው፤ ውሃም የሚቈጠብበት ስለ ሆነ ገበሬው የክረምቱን ዝናብ በኩሬ አጠራቅሞ የሽንኩርት ችግኝ ያፈላበታል። ነገር ግን፥ ውድ አንባብያን፥ አናናስ ውሃ ከማጣት ይልቅ ውሃ ሲበዛበት የሚሞት ተክል ነው።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። አብዛኞቹ ዕፀዋት በቅጠላቸው ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች በቀን ስለሚከፍቱ ፀሓይ ውሃቸውን ትመጣለች። አናናስ ግን ቀን ዘግቶ ሌሊት ይከፍታል፤ በሌሊት የሳበውን አየር በአሲድ መልክ አስቀምጦ ሲነጋ በብርሃኑ ኀይል ምግቡን ያዘጋጅበታል። ቅጠሎቹም እንደ አሸንዳ ጐድጐድ ያሉ ናቸውና የዝናቡን ጠብታ ሁሉ ወደ ግንዱ ይመራሉ። የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ሲሆን፥ በእኛም አገር በሲዳማ፥ በአለታ ጩኮ አካባቢ ይመረታል።

እንግዲህ ፍሬውን ሲበሉ በራሱ ላይ ያለውን የቅጠል አክሊል አይጣሉት። ጠምዝዘው ይንቀሉት፤ የታችኞቹን ቅጠሎች ሁለት ጣት ያህል ገፈው፥ ቍስሉ እስኪደርቅ ድረስ ጥቂት ቀን በጥላ ያቈዩት፤ እርጥቡን ቢተክሉት ይበሰብሳል። ከሥሩ የተበሳ ሰፊ ጣሳ ወይም የተቈረጠ ጀሪካን ይበቃዋል። የአረርቲው ጥቍር መሬት ለጤፍ መልካም ቢሆንም በክረምት ውሃ ቋጥሮ ስለሚይዝ ለዚህ አይሆንም፤ አሸዋማ አፈር ከበሰበሰ ፍግ ጋር ይቀላቀል። በበጋ በሳምንት አንድ ጊዜ ማጠጣት ይበቃል፤ በክረምት ግን የጣራ ወራጅ እንዳያገኘው ፈቀቅ ያድርጉት። ቅጠሉ እሾኻም ነውና ሕፃናት ከሚሮጡበት መንገድ ላይ አይቀመጥ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአዞረስ ደሴቶች በመስተዋት ቤት አናናስ የሚያለሙ ሰዎች ጢስ ያገኘው ተክል ቶሎ እንደሚያብብ አስተዋሉ። ኋላም በጢሱ ውስጥ ያለው ኤቲሊን የሚባለው ጋዝ መሆኑ ታወቀ። ይኸው ጋዝ ከበሰለ ሙዝም ይወጣል። ስለዚህ ተክሉ ዓመት ተኵል አልፎት፥ ጠንክሮም ሳያብብ ከቀረ፥ ሁለት ሦስት የበሰለ ሙዝ ከአጠገቡ አኑረው በላስቲክ ከረጢት ይሸፍኑት፤ ሳምንት ያህል በጥላ ይቈይ። አበባው የሚታየው ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ነው፤ ፍሬው እስኪበስል ደግሞ ግማሽ ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል።

ከአክሊል እስከ ፍሬ ሁለት ዓመት፥ በወይና ደጋ ከዚያም የበለጠ መሆኑ ለመንግሥት ሠራተኛ አሳሳቢ ነው፤ የዝውውር ደብዳቤ ይህን ያህል አይጠብቅም። በጣሳ ይተከል ማለታችንም ስለዚሁ ነው። ይሁንና ዝውውሩ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ወዳለችው ወደ ደብረ ብርሃን ከሆነ፥ ውርጩ ይገድለዋልና ለጐረቤት ትተውት ይሂዱ። ፍሬው ከተቈረጠ በኋላ ከግንዱ ሥር የሚያቈጠቍጠው ቡቃያ ተነቅሎ ሲተከል ከአክሊሉ ቀድሞ ያፈራል።