ኮዱ ክፍት ነው፤ ቤቱስ ጤነኛ ነው?

እድር ልንገባ ስናስብ አስቀድመን የምንጠይቀው አለ። መተዳደሪያ ደንቡ ምን ይላል? የገንዘቡን ሳጥን ቁልፍ የያዘው ማን ነው? ለቅሶ ሲደርስ ድንኳኑ በሰዓቱ ይተከላል? አዲስ አባልስ እንዴት ይቀበላሉ?

«ኦፕን ሶርስ» የሚባለው ሶፍትዌርም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ኮዱ ለሁሉም የተገለጠ፣ ማንም እንዲጠቀምበት፣ እንዲያሻሽለውና እንዲያከፋፍለው የተፈቀደ ሥራ ነው። ጤና ሚኒስቴር ከጤና ተቋማት ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የሚሠራ እንዲህ ያለ ሶፍትዌር ነው። ወጣት ባለሙያዎቻችንም በዚህ መስክ እጃቸውን ማዋጣት ይሻሉ። ታዲያ አደራም ሆነ ጉልበት ከመስጠት በፊት ምን እንይ?

አንደኛው ፈቃዱ ነው። ኮድ ኢንተርኔት ላይ ስለተቀመጠ ብቻ የሁሉም አይሆንም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራም እንደ መጽሐፍ ሁሉ የቅጂ መብት ጥበቃ አለው። ስለዚህ የፈቃድ ጽሑፍ የሌለው ኮድ እንደ ሰው ንብረት ሊታይ ይገባል። ኤምአይቲ፣ አፓቼ ወይም ጂፒኤል የሚባሉት የታወቁ ፈቃዶች ካሉበት ግን መብትና ግዴታው ይታወቃል። ጥቅሙ በክፉ ቀን ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2010 ኦራክል የኦፕን ኦፊስን ባለቤት ሰን ኩባንያን ሲገዛ ስጋት የገባቸው የፕሮጀክቱ ማኅበረሰብ አባላት ኮዱን ይዘው ሊብረ ኦፊስን መሠረቱ። ይህን ያስቻላቸው ፈቃዱ ነው።

ሁለተኛው ቁልፉን የያዙት እጆች ብዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 «ኸርትብሊድ» የተባለው ቀዳዳ ሲገለጥ፣ የዓለምን የኢንተርኔት ሚስጥር የሚጠብቀው ኦፕን ኤስኤስኤል ሙሉ ጊዜውን የሚሠራለት አንድ ሰው ብቻ እንደነበር ታወቀ። በዓመት የሚያገኘው መዋጮም ወደ 2,000 ዶላር ገደማ ነበር።

ከዚህ የባሰው እ.ኤ.አ. በ2024 ታየ። ኤክስዜድ የተባለውን ፋይል ማመቂያ በነፃ የሚንከባከበው አንድ የደከመ ሰው ነበር። ጂያ ታን በሚል ስም የቀረበ አንድ «ረዳት» ከሁለት ዓመት በላይ በትጋት እየሠራ አመኔታ አተረፈ፤ ቁልፉም ተሰጠው። በመጨረሻ 5.6.0 እና 5.6.1 በተባሉት ዕትሞች ውስጥ የስርቆት በር ቀበረ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ማለት ይህ ነው። ጉዱን ያወጣው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ነው፤ የመነሻ ምልክቱም ወደ ኮምፒዩተሩ መግባት ግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየቱ ነበር።

ሦስተኛው የልብ ትርታው ነው። ብዙ ሰው «ወደድኩት» ማለቱ ጤንነትን አያሳይም። የመጨረሻው ዕትም መቼ ወጣ? ስህተት ያመለከተ ሰው ምላሽ አገኘ? ተሠርቶ የቀረበ ማስተካከያ ለወራት ሳይታይ ተከምሯል? በእርግጥ ትንሽና ያለቀለት ሥራ ዝም ሊል ይችላል። የደኅንነት ችግር ሲነገረው ዝም የሚል ግን ታሟል።

አራተኛው ለእንግዳ የተከፈተው በር ነው። እንዴት ተሳታፊ መሆን እንደሚቻል የተጻፈ መመሪያ አለ? ለጀማሪ የተለዩ ቀላል ሥራዎችስ? የተሳሳተን ሰው ያስተምራሉ ወይስ ያዋርዳሉ? የቀደሙ ውይይቶችን ማንበብ ብዙ ይናገራል።

አንድ ማሳሰቢያ ለተቀጣሪዎች። በአዋጁ መሠረት በሥራ ግዴታ የተሠራ ሥራ፣ የተለየ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የቅጂ መብቱ የአሠሪው ነው። ስለዚህ ኮዱን ከማበርከትዎ በፊት ከአሠሪዎ የጽሑፍ ፈቃድ ይያዙ። አንዳንድ ፕሮጀክቶችም ተሳታፊውን ውል ያስፈርማሉ፤ መብትዎን እያስተላለፉ ነው ወይስ እየፈቀዱ ብቻ? ሳያነቡ አይፈርሙ።

ከዚያ በኋላ በትንሹ ይጀምሩ። በመመሪያው ውስጥ ያገኙትን አንድ ስህተት አርመው ይላኩና አቀባበላቸውን ይመልከቱ። ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ሆኖ ካገኙት ደግሞ ወዲያው አይሽሹ፤ ያ ሰው የሚፈልገው ምናልባት እርስዎን ይሆናል። እርሱ ግን አመኔታውን ቀስ ብሎ ቢሰጥዎ አይቀየሙት፤ የኤክስዜድን ታሪክ ሰምቷል።