“ፉል አድርገው” የማይባልበት ጉዞ

ወደ ጅማ የሚወርደው ሹፌር ሰበታ ላይ፣ ነቀምት የሚሄደው ቡራዩ ላይ፣ ዓባይን የሚሻገረው ሱሉልታ ላይ ማደያ ሲገባ ትእዛዙ አንድ ነው፦ “ፉል አድርገው!” መንገዱ ረጅም ነው፤ ቋቱ ከሞላ ሐሳብ የለም። በእነዚሁ ከተሞች ሰማይ የሚያልፈው አውሮፕላን ግን በዚህ ሒሳብ አይጓዝም። ነዳጁ የሚቀዳው በኪሎ እየተመተረ ነው፤ አንዳንዴም እስከ መጨረሻው መድረሻ እንደማያደርስ እየታወቀ።

ይህን ሒሳብ ለመማር ዛሬ የግድ አብራሪ መሆን አያስፈልግም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪዎቹን የሚያለማምደው ኮክፒታቸው ከእውነተኛው በማይለይ፣ በሚንቀሳቀሱ እግሮች ላይ በቆሙ ትልልቅ ሲሙሌተሮች ነው። ደህና ኮምፒውተር ያለው ሰው ደግሞ ቤቱ ተቀምጦ በማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ወይም በኤክስ-ፕሌን ከቦሌ መነሣት ይችላል። የማይክሮሶፍቱ ሲሙሌተር ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው በ1982 እ.ኤ.አ. ነበር፤ በ2020 የወጣው እትሙ የምድርን ገጽ ከሳተላይትና ከአየር ላይ ፎቶዎች ስለሚወስድ እንጦጦም ወጨጫም በየቦታቸው ቆመው ይታያሉ።

ችግሩም የሚጀምረው ከእነዚህ ተራሮች ሥር ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ክንፍ የሚያነሣው አየርን ተደግፎ፣ ሞተር የሚገፋውም አየርን ስቦ ነውና ሁለቱም ይደክማሉ። አውሮፕላኑ ከመሬት ለመላቀቅ በበለጠ ፍጥነት፣ ረዘም ላለ ርቀት መንደርደር አለበት። የሱሉልታ ሜዳ ላይ የሚለማመዱ ሯጮች የሳሳውን አየር ሰውነታቸው ይለምደዋል፤ ሞተር ግን አይለምድም። የቦሌ መንደርደሪያዎች ስማቸው 07 እና 25 ነው፤ 70 እና 250 ዲግሪ ማለት ነው። በ25 አቅጣጫ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ የሄደ አውሮፕላን ሰበታ አካባቢ ይደርሳል። ከሰበታ በላይ ከ3,300 ሜትር የሚያልፈው ወጨጫ አለ፤ በሰሜን በኩልም ሱሉልታን ከአዲስ አበባ የሚለያት እንጦጦ። ከባድ ሆኖ የተነሣ አውሮፕላን ተንፏቆ የሚወጣበት ሰፊ ሜዳ የለውም።

አሁን ቦይንግ 787-8ን እንውሰድ። የሚነሣበት ትልቁ ክብደት 228 ቶን ገደማ፣ ባዶውን 120 ቶን ያህል ነው። ቋቶቹ ቢሞሉ 100 ቶን የሚሆን ነዳጅ ይይዛሉ። ለመንገደኛና ለጓዝ የሚተርፈው እንግዲህ ጥቂት ቶን ብቻ ነው፤ ያውም ባሕር ወለል ላይ። ቦሌ ላይ፣ በተለይ ፀሐይ በበረታበት ቀትር፣ የሚፈቀደው ክብደት ከዚያም ይወርዳል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ረጅም በረራ የሚያቅድ ሰው ዋና ጥያቄው “ስንት ልሙላ?” ሳይሆን “ስንቱን ልተው?” የሚለው ነው።

የዋሽንግተን በረራ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ርቀቱ ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ሲሄድ ነፋሱ ፊት ለፊት ይመጣል፣ መነሻውም ከፍታ ነው። አየር መንገዱ ስለዚህ መንገድ ላይ እያረፈ ነዳጅ ሲቀዳ ኖሯል፤ በተለያዩ ጊዜያት ሮም፣ ደብሊንና ሎሜ አገልግለውታል። ደብሊንና ሎሜ ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ አይሉም፤ እዚያ ቋቱን ሞልቶ መነሣት ይቻላል። ከዋሽንግተን ሲመለስ ግን ያው አውሮፕላን፣ ያው ርቀት ሆኖ ያለ ማረፊያ ቦሌ ይደርሳል፤ ዝቅ ካለ ሜዳ ተነሥቶ ነፋሱ ከኋላ ይገፋዋል።

የበረራው እቅድ እንደ ሲምብሪፍ ባለ ማስያ ሲሠራ ነዳጁ በየረድፉ ይከፋፈላል። መሬት ላይ ለመንቀሳቀስ፣ ለጉዞው፣ ለድንገተኛ የሚያዘው (ብዙ ጊዜ የጉዞው 5 በመቶ)፣ መድረሻው ቢዘጋ ወደ ተለዋጭ ማረፊያ ለመሄድ፣ በመጨረሻም ለጄት አውሮፕላን በአየር ላይ 30 ደቂቃ ለመዞር የሚበቃ የማይነካ መጠባበቂያ። ለአዲስ አበባ ተለዋጩ ድሬዳዋ ሊሆን ይችላል። ከዚህ በላይ የሚጨመር ነዳጅ ራሱን ይበላል፤ ለአሥር ሰዓት በረራ የተጫነ ትርፍ ሲሶ ያህሉ የሚቃጠለው ትርፉን ለመሸከም ነው።

አውሮፕላን ለጉዞው የሚበቃውን ያህል ብቻ እንደሚይዝ አለማወቅ ምን እንደሚያስከትል ኢትዮጵያውያን በመራራ ሁኔታ አይተዋል። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረውን ቦይንግ 767 የጠለፉ ሰዎች አውስትራሊያ ውሰደን አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማይበቃ ደጋግመው ነገሯቸው፤ አላመኗቸውም። ነዳጁ አለቀ። ካፒቴኑ ሁለቱም ሞተሮች የጠፉበትን አውሮፕላን በኮሞሮስ ዳርቻ ውኃ ላይ አሳረፉት። ከ175 ሰዎች 50ዎቹ ተረፉ።

እንደ ነዳጁ ሒሳብ ሁሉ መንገዱም ቀጥተኛ አይደለም። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሱዳን ሰማይ በጦርነቱ ምክንያት ለመንገደኛ አውሮፕላኖች ሲዘጋ፣ ወደ ሰሜን የሚሄዱ በረራዎች በቀይ ባሕር በኩል ለመዞር ተገደዱ። ዙሩ ደቂቃ ነው፤ ደቂቃው ደግሞ ቶን። አትላንቲክ ላይም የሚበረርባቸው መስመሮች እንደ ነፋሱ በየቀኑ ይቀያየራሉ። ከፍታውም አንድ ቦታ አይቆምም። ነዳጁ እየተቃጠለ አውሮፕላኑ ሲቀል ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ ይወጣል፤ እዚያ የሚፈጀው ያነሰ ነው። እቅድ ሲሠሩ እነዚህን ደረጃዎች የረሱ ብዙ ጀማሪዎች ወረቀታቸው ላይ ያለው ነዳጅና ሲደርሱ የቀራቸው አይገጥምላቸውም።

መለኪያውን ማረጋገጥም አይዘነጋ። ሐምሌ 1983 እ.ኤ.አ. አንድ የካናዳ 767 በኪሎ ግራም መጫን የነበረበት ነዳጅ በፓውንድ ተሰልቶ፣ ከሚያስፈልገው ግማሽ ባልሞላ ነዳጅ ተነሥቶ ሰማይ ላይ ሞተሮቹ ጠፍተዋል። ሲሙሌተሩም በሁለቱ መለኪያዎች ይሠራል፤ ቁጥር ከመጻፍ በፊት የትኛው እንደተመረጠ ማየት ይገባል።

ሲሙሌተር ያለው አንባቢ ይህን ይሞክር። 787 ቦሌ ላይ ያቁም፣ ሙቀቱን 25 ዲግሪ ያድርግ፣ መንገደኛና ነዳጅ ጭኖ ለመነሣት ይንደርደር፤ ከመሬት ሲላቀቅ የተንደረደረውን ርቀት ይመዝግብ። ከዚያ በዚያው ክብደት ከደብሊን ይነሣና ሁለቱን ቁጥሮች ያወዳድር።