«ግብረ መልስ» እና ጎረቤቶቹ፤ በመምህራንና በትምህርት መሣሪያ ሠሪዎች መካከል ስለሚመላለሱ ቃላት

«ግብረ መልስ» የተባለው ስያሜ በትምህርትና በሥልጠና ጽሑፎች ውስጥ ከተለመደ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። በአሁኑ ጊዜ ለትምህርት የሚያገለግሉ የኮምፒዩተርና የስልክ መተግበሪያዎች ወደ መማሪያ ክፍል በመግባታቸው፣ ይኸው ቃል መምህሩ መሣሪያውን ከሚሠራው ባለሙያ ጋር ለሚያደርገው ልውውጥ ዋና መጠሪያ ሆኗል። መጠይቅ ተዘጋጅቶ «ግብረ መልስዎን ይስጡን» ሲባል ግን ተሞልቶ የሚመለሰው አንዳንዱ ምስጋና፣ አንዳንዱ አቤቱታ፣ አንዳንዱም ባዶ ነው። ከዚህ የተነሣ መሣሪያው ሳይታረም ይቀራል፤ ጉዳቱም በመጨረሻ የሚያርፈው በተማሪው ላይ ነው። ለዚህ ጉድለት ልዩ ልዩ ምክንያቶች ሊኖሩ ቢችሉም፣ እዚህ የምንመለከተው ከቃላት አመራረጥና ከትርጕም ሥራ የሚመነጨውን ብቻ ይሆናል።

ጽንሰ ሐሳቡ የተወለደው በክፍል ውስጥ ሳይሆን በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ነው። ከአንድ ማጉያ መሣሪያ የሚወጣው ኃይል በከፊል ወደ መነሻው ተመልሶ የመሣሪያውን ሥራ ሲለውጥ፣ ለዚህ ክንውን የእንግሊዝኛው ቃል መጠሪያ ሆነ። ኖርበርት ዊነር «ሳይበርኔቲክስ» የተባለውን መጽሐፉን በ1948 እ.ኤ.አ. ካሳተመ በኋላም ወደ ሌሎች የዕውቀት ዘርፎች በሰፊው ተዛመተ። ፍሬ ነገሩ የአንድ ነገር መመለስ ብቻ ሳይሆን፣ የተመለሰው ነገር መነሻውን መለወጡ ነው። አማርኛው ይህን በሚገባ ይዞታል። «ግብረ» በግእዝ የዘርፍ ሥርዓት ከ«ግብር» የተገኘ ሆኖ፣ በ«ግብረ ኃይል» ውስጥ እንደምናየው ሥራን ያመለክታል። «መልስ» ደግሞ የጥያቄ መልስ ብቻ አይደለም፤ ከባለሱቅ እጅ የምንቀበለው ትርፍ ገንዘብም፣ ከሠርግ በኋላ በሙሽራዪቱ ወላጆች ቤት የሚደረገው ግብዣም መልስ ይባላል። ለመልስ ብቻ ቢሆን ኖሮ «ምላሽ» በበቃ ነበር። «አስተያየት» ደግሞ ከማየት የወጣ የተመልካች ቃል ነው፤ ተናጋሪው ያየውን ይገልጻል እንጂ ሰሚውን አንዳች ሥራ አያስገድደውም።

ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ አለመሆኑን ለማስረዳት በ2004 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረውን የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት ማስታወስ ይበቃል። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በእንግሊዝኛ ይተላለፍ ነበር፤ ሕዝቡም ከቴሌቪዥኑ ዓይነት ተነሥቶ ፕሮግራሙን በሙሉ «ፕላዝማ» ብሎ ሰየመው። ለመምህሩ በክፍለ ጊዜው መጀመሪያና መጨረሻ ጥቂት ደቂቃዎች ተትተውለት፣ የቀረው ጊዜ የቴሌቪዥኑ ነበር። ፍጥነቱ ከተማሪው የመከታተል ችሎታ እንደሚበልጥ፣ ስርጭቱን ማስቆምም ሆነ ወደ ኋላ መመለስ እንደማይቻል፣ መብራት በጠፋ ጊዜ ትምህርቱ እንደሚያመልጥ መምህራን ደጋግመው ተናግረዋል። ይሁን እንጂ ስርጭቱ በተፈጥሮው ባለ አንድ አቅጣጫ ስለ ነበረ፣ የመምህሩ ቃል በማግስቱ የሚተላለፈውን ትምህርት የሚለውጥበት መንገድ አልነበረም። አስተያየት በብዛት ነበረ፤ ግብረ መልስ ግን አልነበረም።

የ«ግብረ መልስ» ጎረቤቶች የሆኑት ቃላትም ያልተጠበቀ ችግር ያመጣሉ። «ተጠቃሚ» የሚለውን እንውሰድ። በመሣሪያ የሚሠራውን ሰው ሁሉ በዚህ ቃል መጥራት ተለምዷል፤ ነገር ግን ቃሉ የመጣው ከ«ጠቀመ» ስለ ሆነ፣ ጥቅም ያገኘ ማለትም ነው። የርዳታ እህል የሚቀበለውም ተጠቃሚ ይባላል። መምህሩ «ተጠቃሚ» ተብሎ በተጻፈለት መጠይቅ ላይ ጉድለት ለመዘርዘር ቢያመነታ አያስደንቅም፤ ተጠቃሚ ያመሰግናል እንጂ አይከራከርም። «ተገልጋይ» ከዚህ ይሻላል፤ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ግን በትምህርት መሣሪያዎች ረገድ በቀጥታ «መምህሩ» እና «ተማሪው» ብሎ መጻፍ ከሁለቱም ይበልጣል። «የሙከራ ጊዜ» የሚለውም እንዲሁ ነው። አበልጻጊው ያልተጠናቀቀ ምርቱን የሚያይበትን ወራት ማለቱ ሲሆን፣ በመንግሥት ሠራተኛ ጆሮ ግን አዲስ ተቀጣሪ የሚመዘንበት ጊዜ ነው። «ለሁለት ወር የሙከራ ጊዜ ተመርጠዋል» የሚል ደብዳቤ የደረሰው መምህር የሚፈተነው እርሱ ይመስለዋል። «የምርት ፍተሻ» ቢባል የሚፈተሸው ማን እንደ ሆነ ግልጽ በሆነ ነበር።

«አሉታዊ ግብረ መልስ» በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። በምሕንድስና ትርጕሙ የመሣሪያን ሥራ ከመሥመር እንዳይወጣ የሚያርም ማለት ነው፤ ማቀዝቀዣ ቅዝቃዜው ሲበዛ የሚያርፈው፣ ሲያንስ የሚነሣው በዚህ ነው። በዕለት ተዕለት ንግግር ግን ወቀሳ ማለት ሆኗል። ስለዚህ ለመጀመሪያው «አራሚ ግብረ መልስ»፣ ለተቃራኒው ደግሞ «አባባሽ ግብረ መልስ» ብንል፣ የወቀሳው ትርጕም ለብቻው ይቀራል።

ከስያሜ ይልቅ አስቸጋሪው የሰዋስው ጉዳይ ነው። መምህሩ «የተማሪዎቹ ውጤት ጠፋብኝ» ብሎ ጻፈ እንበል። «ጠፋብኝ» ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ያስቀመጥኩበትን አጣሁት፣ ወይም መሣሪያው አጥፍቶ ጎዳኝ። በመጨረሻው ላይ ያለው «-ብኝ» የሚነግረን ጉዳቱ በማን ላይ እንደ ደረሰ እንጂ ማን እንዳደረሰው አይደለም። ተርጓሚው ይህን «ውጤቱን አጣሁ» በሚል የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ከመለሰው፣ አበልጻጊው የመምህሩ ጥንቃቄ ጕድለት አድርጎ ይወስደውና ጉዳዩን ይዘጋዋል፤ ያው ጉድለት በሌላ ትምህርት ቤት የሌሎች ልጆችን ውጤት ማጥፋቱን ይቀጥላል። «ተዘጋብኝ»፣ «ቆመብኝ»፣ «ተደበላለቀብኝ» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። ተርጓሚው በጥርጣሬ ቦታ ላይ መምህሩን መልሶ መጠየቅ አለበት፤ ውጤቱ ከመጥፋቱ በፊት ምን ነክተው ነበር? ምን ይመጣል ብለው ጠበቁ? የመጣውስ ምንድን ነው? «አይሠራም» የሚለውም አንድ ቃል አለመክፈትን፣ መዘግየትን፣ የተሳሳተ ውጤት መስጠትንና ለክፍል አለመመቸትን ሁሉ ስለሚሸከም፣ ያለ እነዚህ ጥያቄዎች ሊተረጐም አይችልም። ጨዋነትም ሌላ መጋረጃ ነው። «ትንሽ ቢስተካከል ጥሩ ነበር» የሚል አንጋፋ መምህር መሣሪያው ጨርሶ ለትምህርት አይበቃም ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ ቃል በቃል ሲተረጐም ግን ከሁሉ በኋላ የሚታይ ጥቃቅን ጉዳይ ይሆናል።

የፊደላችን ጉዳይ ደግሞ ከመምህሩ በቀር ማንም ሊያመለክተው የማይችል ነው። የግእዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ ሦስተኛ ዕትም ሲመዘገብ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቍጥር ተሰጣቸው፤ ይህም ተገቢ ነበር። በዚህ የተነሣ ግን «ፀሐይ» ተብሎ በተመዘገበ የቃላት ልምምድ ላይ ልጁ «ጸሐይ» ብሎ ቢጽፍ መሣሪያው ስሕተት ይለዋል፤ ልጁ ግን የጻፈውን በመጽሐፍ አይቶት ይሆናል። መምህሩ «ትክክል የጻፈውን ስሕተት ይላል» ብሎ ቢያመለክትና አበልጻጊው ሞክሼዎቹን ሆሄያት በሙሉ እንደ አንድ እንዲቈጠሩ ቢያደርግ፣ በሥርዐተ ጽሕፈት ክፍለ ጊዜ «ሠረቀ» እና «ሰረቀ» ተለይተው የሚማሩበት ልምምድ በዚያው ይፈርሳል። እንግዲህ መምህሩ የትኛው ልምምድ ልዩነቱን እንደሚጠብቅ፣ የትኛው እንደማይጠብቅ ጭምር መግለጽ ይኖርበታል። በድምፅ የሚያነቡ መሣሪያዎችም መጥበቅና መላላት በጽሕፈታችን ስለማይታይ «ዋና ዳይሬክተር» የሚለውን የባሕር ዋና በሚነበብበት አኳኋን አላልተው ሊያነቡት ይችላሉ። «ድምፁ አያምርም» ተብሎ ቢጻፍ አበልጻጊው ድምፀ መልካም አንባቢ ይፈልግ ይሆናል፤ «ዋና የሚለው ን ሊጠብቅ ሲገባው ላልቷል» ቢባል ግን የሚታረመው ወዲያው ይታወቃል።

ከአበልጻጊው ወደ መምህሩ የሚመለሰው ቃልም ያው ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። «ይታያል» እና «ይታሰብበታል» በቢሮ ቋንቋ ተስፋ መቍረጫ ሆነው ስለሚሰሙ በትርጕም ውስጥ መግባት የለባቸውም። ደርሶናል፣ እየታረመ ነው፣ ታርሟል፣ በዚህ ምክንያት አይታረምም የሚሉት አራቱ በቂ ናቸው፤ አራተኛውም ቢሆን መምህሩ ሌላ መሣሪያ እንዲፈልግ ስለሚረዳው ከዝምታ ይሻላል።

በመጨረሻ ስለ ሰዓትና ቀን ጥቂት መጨመር ያስፈልጋል። «ትናንት በ4 ሰዓት መተግበሪያው ቆመ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሳይለወጥ ወደ ውጭ አገር ባለሙያ ቢላክ፣ እርሱ መዝገቡን የሚመረምረው ተማሪዎቹ ሁሉ በተኙበት በሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው፤ በዚያም ምንም ስለማያገኝ «ጉድለት አልተገኘም» ይላል። በ3/1/2017 የተጻፈ ማመልከቻም መስከረም 3 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማለትም ሴፕቴምበር 13 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. መሆኑ ካልተገለጸ ከሰባት ዓመት በላይ የቈየ አሮጌ ጉዳይ መስሎ ሊጣል ይችላል። ተርጓሚው ሰዓቱን «ከጧቱ» ወይም «ከሌሊቱ» ከሚለው ጋር ማጻፍ፣ ቀኑንም በሁለቱም አቈጣጠር ማስፈር ይገባዋል። ማመልከቻ መቀበያ ቅጹም ጳጕሜንን እንዲቀበል ሆኖ መሠራቱን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያሻል፤ አለዚያ በ13ኛው ወር የደረሰውን ጉድለት መምህሩ መመዝገቢያ ስፍራ አያገኝለትም።