«መቻል» የተባለው ውሻዬ

ውሻ የቤት ጠባቂ ነው ይባላል። በእኛ ቤት ግን ጠባቂው እኔ፥ የሚጠበቀው ውሻው ነበር። ስሙ «መቻል» ይባላል። በአገራችን የውሻ ስም ብዙ ጊዜ ለጎረቤት የሚላክ መልእክት መሆኑን አንባቢ ያውቀዋል፤ ፊት ለፊት መናገር ያልተመቸው ሰው ውሻውን ከፍ ባለ ድምፅ እየጠራ የልቡን ያደርሳል። እኔም ይህን ስም ያወጣሁለት ከአንድ ጎረቤት ጋር በአጥር ምክንያት በተቀያየምንበት ወራት ነው። «ይኸው ችዬሃለሁ» ለማለት ነበር። ዳሩ ግን በግቢያችን ውስጥ ከስሙ በቀር መቻል የሚባል ነገር አልነበረም። ውሻው ማንንም አይችልም፤ እኔም ውሻውን አልችልም።

ጫማ ይበላል፤ የጎመን መደብ ይቆፍራል፤ ሌሊት ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላል ተረታችን፤ መቻል ግን በበላበትም ባልበላበትም ይጮኽ ነበር። ከሁሉ የሚብሰው በትር ወይም ጃንጥላ የያዘ ሰው ያየ እንደሆነ ነው። እሑድ ጧት ከቅዳሴ የሚመለሱ ሽማግሌዎች መቋሚያቸውን ይዘው በአጥራችን ሥር ሲያልፉ እንደ አውሬ ይሆናል። አንዳንዶቹም «ይህስ ሰይጣን ያደረበት ነው» እያሉ አማትበው ያልፋሉ።

ነገሩ ግን የሰይጣን ሳይሆን የዱላ ነበር። መቻል ወደ እኔ ከመምጣቱ በፊት የነበሩት ጌታው «ኃይለኛ እንዲሆን» ብለው ገና በቡችላነቱ በዱላ ይመቱት ነበር። ኢቫን ፓቭሎቭ የተባለው የሩሲያ ሊቅ፥ ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ምርምር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው፥ በውሾች ላይ ያስተዋለው አንድ ነገር አለ። ምግብ ከመቅረቡ በፊት አንድ ምልክት ደጋግሞ የተሰጠው ውሻ፥ በኋላ ምግቡ ሳይመጣ በምልክቱ ብቻ ምራቁ ይወርዳል። ምግብን ከምልክት ጋር የሚያያይዝ ፍጥረት ሕመምንም እንዲሁ ያያይዛል። ለመቻል በትር ማለት ሕመም ማለት ነው፤ በትር የያዘም ሁሉ ጠላቱ ነው። እኔ ደግሞ በበትር ላይ የጮኸውን ውሻ በበትር እቀጣው ነበር። በእሳት ላይ ጋዝ ማርከፍከፍ ማለት ይህ ነው።

አንድ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ከሥራ ደክሞኝ ስገባ የውጭውን በር መወርወሪያ ሳላስገባው ቀረሁ። ከመንገዱ ማዶ በጉልት ሽንኩርትና ድንች የሚቸረችሩ አንዲት አሮጊት አሉ፤ እማማ እንላቸዋለን። ዕድሜው ዘጠኝ ዓመት የሚሆነው የልጅ ልጃቸው አሮጌ ጎማ በእንጨት እየነዳ በደጃችን ሲያልፍ፥ መቻል በሩን ገፍቶ ወጣና ባቱን ነከሰው።

ሮጬ ስደርስ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ይቅርታ» አልነበረም። «እንጨት ይዞ መጥቶበት ነው» አልሁ። እውነት ነው፥ ልጁ እንጨት ይዟል፤ የያዘው ግን ለጎማው ነው። እማማ አንድ ቃል አልመለሱልኝም። ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ያጥቡ ነበር። በውሻ ለተነከሰ ሰው አስቀድሞ የሚደረገው ይኸው ነው፤ 15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፥ ከዚያም ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ ከሞት የሚያመልጠው እጅግ ጥቂት ነው፤ በጊዜው የተሰጠ ክትባት ግን ያድናል። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1885 ይህን ክትባት የሰጠው በውሻ ለተነከሰ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር፤ ልጁም ዳነ።

ሐኪሙ «ውሻው ተከትቧል ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጊዜው አልፎበት ነበር፤ ይህም የማንም ሳይሆን የእኔ ቸልተኝነት ነው። ለልጁ በዚያው ምሽት ክትባቱ ተጀመረለት። ውሻው ደግሞ ታስሮ ለ10 ቀን እንዲጠበቅ ታዘዘ፤ የእብደት በሽታ የያዘው ከሆነ በእነዚያ ቀናት ውስጥ መታየቱ አይቀርምና።

ከሐኪም ቤት ስንመለስ ክስ እጠብቅ ነበር። እማማ ግን በደጃቸው ቆም አሉና እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፥ ለሐኪሙ ከከፈልህ ይበቃል። እኔም ልጅ አሳዳጊ ነኝ፤ የኔም ልጅ የሰው ዕቃ ሰብሮ ያውቃል። እግዚአብሔር ይማረው እንጂ ይቅር ብዬሃለሁ።» ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ ደግሞ «በሩን ግን ዝጋ» አሉኝ።

ሸክሜ ቀልሎልኝ ወደ ቤቴ ገባሁ። ገብቼም ምን አደረግሁ? በትሩን አነሣሁ። መቻል አልጮኸም። ሆዱን ከመሬት አጣበቀ፤ ተንቀጠቀጠ፤ ሽንቱንም በታቹ ለቀቀው። በዚህ ጊዜ በማቴዎስ ወንጌል ያለው የዚያ ባሪያ ታሪክ ትዝ አለኝ። ጌታው እልፍ መክሊት የማረው ሰው፥ ከደጅ እንደ ወጣ መቶ ዲናር የተበደረውን ባልንጀራውን አንቆ ያዘ። ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ ሁልጊዜም በዚያ ባሪያ ላይ እፈርድ ነበር። የእኔ ዕዳ ግን ከተማረልኝ ገና ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላውም፤ በትሩም በእጄ ነው። አፈርሁ፤ በትሩንም ጣልሁት።

በእነዚያ 10 ቀናት ማታ ማታ ወደ እማማ ቤት እየሄድሁ የውሻውን ሁኔታ እነግራቸው ነበር። ልጁ ባቱ በፋሻ እንደ ተጠቀለለ ከእኔ ቀድሞ «መቻል ደኅና ነው?» ይለኛል። የነከሰውን ውሻ ጤንነት የሚጠይቀው እሱ ነበር። በዐሥረኛው ቀን መቻል ጤነኛ መሆኑ ሲረጋገጥ ከሁላችንም ይልቅ የተደሰተው ልጁ ነው። እኔም ውሻውን አስከተብሁት፤ አጥሩን አጠበቅሁት፤ በሩንም አሳደስሁት።

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ውሻ ብዙ ጊዜ በክብር አይናገርም። ይሁን እንጂ በሉቃስ ወንጌል በባለጠጋው ደጅ የወደቀውን አልዓዛርን ሰው ሁሉ ሲያልፈው ቁስሉን የላሱት ውሾች ናቸው። በመጽሐፈ ጦቢትም ጦብያ ሩቅ መንገድ ሲሄድ ከመልአኩ ጋር አብሮት የተጓዘው ውሻው ነው። ለእኔ ግን ከሁሉ የበለጠው ትምህርት ውሻው ጥሩ በሆነበት ቀን ሳይሆን ክፉ በሆነበት ቀን የመጣው ነው። የሚወድደንንና የሚታዘዘንን መታገሥ ብዙ አያስከፍልም። ትዕግሥት መሆኑ የሚታወቀው በማያመሰግን ፍጥረት ላይ ሲፈተን ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ! ነገ በጽሕፈት ጠረጴዛህ ፊት አንድ ባለጉዳይ እየጮኸ ይገባ ይሆናል። መልስ ለመስጠት ከመቸኮልህ በፊት ከአንተ ዘንድ ሳይደርስ በስንት በር ላይ እንደ ተመታ አስብ። ይህን ማለቴ ጥፋት ሁሉ ይታለፍ ማለቴ አይደለም። ምሕረት ማለት በርን ክፍት መተው አይደለም፤ ይቅር ያሉኝ እማማ ራሳቸው በሩን ዝጋ ብለውኛል። ነገር ግን በር መዝጋት አንድ ነገር ነው፤ በትር ማንሣት ሌላ ነገር ነው።

መቻል ዛሬም መልአክ አልሆነም። ጃንጥላ ሲያይ ያጉረመርማል፤ ከዚያ ግን ዞር ብሎ ዓይን ዓይኔን ያያል። ምንም በእጄ እንዳልያዝሁ ሲመለከት ተመልሶ ይተኛል። ስሙን ያወጣሁለት ለጎረቤት ብዬ ነበር፤ አሁን ግን በጠራሁት ቁጥር መልእክቱ የሚደርሰው ለእኔ ነው።