የኦቨን ካርድ ተቃጥሏል ከማለታችን በፊት

የእንጀራ ምጣድ ሲበላሽ ነገሩ ቀላል ነው። ሽቦው ተበጥሷል፣ ስፒናው ቀልጧል፣ ወይም ማብሪያው ተቃጥሏል፤ ከዚህ ብዙም አያልፍም። ኦቨን ያለው ስቶቭ ግን፣ በተለይ ፊቱ ላይ ቁጥር የሚያበራው ዓይነት፣ ውስጡ ካርድ አለበት። ካርድ ያለበት ዕቃ ሲመጣ ደግሞ ብዙ ጠጋኝ መለኪያ ሳያነሳ «ካርዱ ተቃጥሏል» ብሎ ይገላገላል። ኦምዱርማን ውስጥ ኬክና ዳቦ ጋግራ ለምትሸጥ ሴት ኦቨኑ እንጀራዋ ነው። ያገለገለ ስቶቭ ከሆነ የካርዱ ዋጋ ከስቶቩ ሊበልጥ ይችላል። ካርዱን ገዝታ አሁንም ካልሞቀላትስ? ስለዚህ በኤሌክትሪክ ጥገና ለምትማሩና ለምታስተምሩ ሁሉ፣ በዚህ እትም ጥፋቱ የማን እንደሆነ በመለካት እንዴት እንደሚለይ እናያለን።

መጀመሪያ ካቻቢቴ ሳናነሳ የምንጠይቀው ጥያቄ አለ፤ መብራት ሄዶ መጥቶ ነበር ወይ? ኦምዱርማን ላይ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው ማለት ይቻላል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. (ኤፕሪል 2023) ጦርነቱ ከጀመረ ወዲህ የከተማው ሽቦና ትራንስፎርመር ብዙ ተዘርፏል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. (ሜይ 2025) ደግሞ የኤሌክትሪክ ጣቢያዎቹ በድሮን ተመትተው ከተማው ጨልሞ ነበር። ብዙ ኦቨኖች መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰዓታቸው ብልጭ ድርግም ይላል፤ ሰዓቱ እስኪሞላ ድረስም አይሞቁም። ተበላሸ ተብሎ በጋሪ የመጣ ኦቨን ሰዓቱን ሞልተንለት ብቻ ሊመለስ ይችላል። ለዚህ ገንዘብ መቀበል ያሳፍራል እንላለን።

ሰዓቱ ተሞልቶም ካልሞቀ ስፒናውን እንነቅላለን። መነቀሉን በዓይናችን እንይ፤ ማብሪያውን ማጥፋት አይበቃም። በ230 ቮልት የሚሠራ ካርድ ላይ ከተነቀለም በኋላ ኮንደንሰሩ ውስጥ ከ300 ቮልት በላይ ሊቀር ስለሚችል ጥቂት ደቂቃ እንጠብቅ፤ ከዚያም በመለኪያ አረጋግጠን እንንካ።

ከዚያ ማሞቂያው (ሬዚስታንሱ) ይለካል። ሽቦውን ከአንድ ጫፍ ፈትተን መልቲሜትሩን በኦም እናደርጋለን። በ230 ቮልት 2,000 ዋት የሚስብ ማሞቂያ 26 ኦም ገደማ፣ 2,500 ዋት የሚስበው ደግሞ 21 ኦም ገደማ ማሳየት አለበት። ምንም ካላሳየ ተበጥሷል፤ ካርዱ ንጹሕ ነው። ከኦቨኑ ብረት ጋር የሚገናኝ ከሆነ ደግሞ ብሬከር የሚጥለው እሱ ነው።

አሁን ወደ ሴንሰሩ እንምጣ፤ ሰው ብዙ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሴንሰር ማለት በኦቨኑ የኋላ ግድግዳ በኩል ወደ ውስጥ የገባች ቀጭን የብረት ዘንግ ናት። በብዙ ኦቨኖች ውስጧ ፕላቲነም ነው፤ ሙቀት ሲጨምር ኦሟ ይጨምራል። በጣም የተለመደችው በ0 ዲግሪ 1,000 ኦም ናት። በ20 ዲግሪ 1,078፣ በ100 ዲግሪ 1,385፣ በ180 ዲግሪ ደግሞ 1,685 ገደማ ታሳያለች። የጥገና መጽሐፉ «በክፍል ሙቀት ከ1,080 እስከ 1,100 ኦም» ይላል። መጽሐፉን የጻፈው ሰው ግን ክፍሉ ኦምዱርማን አልነበረም! በግንቦት ሱቁ ውስጥ 40 ዲግሪ ሲሆን ደህናዋ ሴንሰር 1,155 ታሳያለች። መጽሐፉን ብቻ የሚያምን ተማሪ ጤነኛዋን ሴንሰር አውጥቶ ይጥላል። ስለዚህ ከመልቲሜትሩ አጠገብ ቴርሞሜትር ይኑር፤ መጀመሪያ የክፍሉን ሙቀት፣ ቀጥሎ ኦሙን እናንብብ። ግማሹን፣ 550 ገደማ ካሳየችን ደግሞ በ0 ዲግሪ 500 ኦም የሆነችው ዓይነት ልትሆን ትችላለችና አንደንግጥ። ሙቀት ሲጨምር ኦማቸው የሚቀንስም አሉ።

ሕያው መሆኗን ለማየት አዲስ አበባ ቢሆን በእጅ ጨበጥ ማድረግ ይበቃ ነበር፤ በእጃችን ሙቀት ቁጥሩ ከፍ ይላል። ኦምዱርማን ላይ ግን አየሩ ከእጃችን ሊበልጥ ይችላል፤ ጨብጠናት ቁጥሩ ቢወርድ አይግረመን። የሚሻለው ከዚር በተቀዳ ቀዝቃዛ ውሃ ጨርቅ አርሶ ጫፏን ብቻ መጠቅለል ነው። ቁጥሩ ቀስ እያለ ከወረደ ደህና ናት። ከዘለለ ወይም ከጠፋ ሴንሰሯ ወይም ሽቦዋ ተበጥሷል። ማገናኛው ውስጥ የሀቡብ አቧራ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ነቅሎ ማጽዳት መቅደም አለበት።

በብዙ የአሜሪካ ስቶቮች ላይ «ኤፍ 3» የሚል ጽሑፍ ሲወጣ የሴንሰሩ መስመር ተበጥሷል ማለት ነው። ሆኖም እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱ ቁጥር አለውና ይህን በቃል ይዞ በሁሉም ላይ መፍረድ አይሆንም።

የአሜሪካን ዕቃ ካነሳን ሌላም ጣጣ አለው። እነሱ 240 ቮልት የሚያገኙት ከሁለት ሽቦዎች ነው፤ እያንዳንዱ ከኒውትራል ጋር 120 ነው። ማሞቂያው 240 ይወስዳል፤ ካርዱ ግን ብዙ ጊዜ 120 ብቻ። እኛ ጋ አንዱ ሽቦ ከኒውትራል ጋር 230 ስለሆነ ሳያዩ ያገናኙት ሰዎች ካርዱን ወዲያው ያቃጥሉታል። በትክክል ቢገናኝ እንኳ የመብራቱን ምት ቆጥሮ የሚሄድ ሰዓት ካለው ይዘገያል፤ የተሠራው ለ60 ኸርዝ ነው፣ እዚህ ያለው 50 ነው። በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል። 60 ደቂቃ ብለን የሞላነው 72 ደቂቃ ይፈጃል፤ ኬኩ ያራል፤ ሙቀት መቆጣጠሪያው ሳያጠፋ ይወቀሳል። እንዲህ ያለውን ኦቨን መክፈት አያስፈልግም፣ በእጅ ሰዓት መጋገር ነው።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ብቻ ካርዱን እንጠርጥር። ያኔም አንጣለው። ቁጥር ጭራሽ ካላበራ በመጀመሪያ ፊውዙን፣ ቀጥሎ ከመጠን በላይ ሲሞቅ የሚቆርጠውን መከላከያ እንለካለን። ማቀዝቀዣ ፋኑ በአቧራ ከታፈነ ያ መከላከያ ይቆርጣል፤ ፋኑን ሳናጸዳ ብንቀይረው በሳምንቱ ይመለስልናል። አናቱ ያበጠ ኮንደንሰር በዓይን ይታያል፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። ቁጥሩ እያበራ፣ ሪሌዩም «ጠቅ» እያለ ማሞቂያው መብራት ካላገኘ ደግሞ የሪሌዩ መገናኛ ተቃጥሏል፣ ወይም እግሩ የተበየደበት ቦታ ተሰንጥቋል። ስንጥቁን ለማየት ጥሩ ብርሃንና ማጉያ መነጽር ያስፈልጋል፤ ሲገኝ እንደገና መበየድ ይበቃዋል። ኦቨኑ ጠፍቶም መሞቁን ከቀጠለ የሪሌዩ መገናኛ ተጣብቋል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ኦቨን እሳት ያስነሳል፤ ባለቤቱ «ለዛሬ ብቻ ልጋግርበት» ቢል እንኳ ሪሌዩ ሳይቀየር ሶኬት ላይ አይሰካም።